አንደበታቸው የተያዘው ንጉሥ



ዐፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. ተወልደው በ1882 ነገሠ ነገሥት ተባሉ። በዘመናቸው የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ነበሩ። ስልክ ያስገቡት፣ ትእዛዛቸው ሩቅ ይደርስ የነበሩት እኚህ ሰው ከ1898 ጀምሮ ስትሮክ ይመላለስባቸው ጀመር። በ1901 የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አሉ። በጥቅምት 1902 ብርቱው መጣና ሰውነታቸውን አሰረ፤ አንደበታቸውንም ያዘ። ከአራት ዓመት በላይ ተኝተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 አረፉ።

ሐኪሞች በዙሪያቸው ነበሩ፤ የዛሬው ሕክምና ግን አልነበረም። ኢንሱሊን እንኳ ለሰው የተሰጠው ከሞታቸው 8 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ አንዲት የጣት ጠብታ ደም የአባታችንን ስኳር ትነግረናለች።

ስኳር ያለበት ሰው ለስትሮክ ይበልጥ ይጋለጣል፤ ስኳሩ ከፍ ብሎ ሲቆይም ማገገሙ ይከብዳል። ቢሆንም በግድ ማውረድ መፍትሔ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስኳሩን ወደ 80–130 ማውረድ ከ180 በታች ከመያዝ የተሻለ ማገገም እንዳላመጣ፣ አደገኛ መውረድን ግን እንዳበዛ አሳይቷል። ልኩን ሐኪም ይወስን።

ጨለለቂም ሆናችሁ ሌላ ቦታ፣ የወላጃችሁ ፊት ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ወዲያው ሆስፒታል አድርሱት። ከዚያም ስኳሩን መለካት፣ መድኃኒቱን ማስታወስ፣ እጅና እግሩን ማለማመድ የልጅ ሐቅ ነው። አካል አማና ነው።

አላህ ሕሙማንን ያሽር። ጁምዓ ሙባረክ።