ሐና ሮቪና በሞስኮ፤ የተውኔት ትምህርቷ መጀመሪያ

የነገሥታቱንና የጦር አለቆቹን ታሪክ ሌሎች ጓደኞቻችን ስለ ጻፉት፥ እኛ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት የአንዲት ተዋናይት ሕይወት መርጠናል። ይህችውም ሐና ሮቪና ናት። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ሐና የተወለደችው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፥ በሚንስክ አውራጃ በረዚኖ በምትባል ትንሽ ከተማ፥ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ነው። የቤተ ሰቡ ስም ሩቢን ነበር፤ ሮቪና የተባለችው ኋላ ነው። በዋርሶ ከተማ ሕፃናትን በዕብራይስጥ ለማስተማር የሚያበቃውን ትምህርት ተከታትላ መምህርት ሆነች። የተከበረ ሙያ ይዛለችና እዚያው ብትኖር ማንም የሚነቅፋት አልነበረም።

በዚያ ዘመን በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት አይሁድ በተከለለላቸው ምዕራባዊ አውራጃዎች እንጂ በሞስኮ ያለ ልዩ ፈቃድ መኖር አይችሉም ነበር። ስለዚህ ሞስኮ የምትኖርበት መንግሥት ከተማ ብትሆንም ለሐና እንደ ባዕድ አገር ነበረች። ሕጉ የተሻረው ዛሩ ከዙፋኑ ከወረደ በኋላ፥ በ1917 የጸደይ ወራት ነው። በዚያው ዓመት ናሆም ጸማሕ የሚባል የዕብራይስጥ መምህር በሞስኮ የቴአትር ማኅበር ሲያቋቁም፥ ሐናና መናሔም ግኔሲን አብረውት ከመሥራቾቹ ተቆጠሩ። ማኅበሩም ሀቢማ ተባለ፤ ትርጓሜው መድረክ ማለት ነው።

ነገሩ ምን ያህል ድፍረት እንደ ነበረ ለመረዳት በራሳችን አገር ምሳሌ ብናየው ይሻላል። ዕብራይስጥ የግዕዝ ዘመድ ነው። በዚያን ጊዜም እንደ ግዕዛችን የጸሎትና የመጽሐፍ ቋንቋ ነበር እንጂ፥ አብዛኞቹ የሩሲያ አይሁድ በቤታቸው የሚነጋገሩት በዪዲሽ ነው። እንግዲህ ከመካከላችን ጥቂቶች ተነሥተን፥ ሙሽራ ስታለቅስ፥ ለማኝ ሲጣላ፥ ነጋዴ ሲከራከር በግዕዝ እንጫወት ብንል ሰው ምን ይለን ነበር? ሐናና ጓደኞቿ የተነሡት ይህንኑ ለማድረግ ነው።

ጸማሕ ርዳታ ፍለጋ ወደ ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ ሄደ። ስታኒስላቭስኪ ከኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር የሞስኮን የኪነ ጥበብ ቴአትር በ1898 ያቋቋመው ስመ ጥር ሰው ነው። እርሱም ልመናውን ተቀብሎ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱን፥ የቭላዲካቭካዙን አርመናዊ ኢቭጌኒ ቫክታንጎቭን፥ መምህር አድርጎ ሰጣቸው። ቫክታንጎቭ ግን ዕብራይስጥ አያውቅም ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የነበረው ሁኔታ እንዲህ ነው። መምህሩ የተማሪዎቹን ቋንቋ አያውቅም፤ ተማሪዎቹም የመምህሩን ሙያ አያውቁም። ከዚያ በፊት ሰው ፊት ቆመው የተጫወቱት ሳይቀሩ እንደ ጀማሪ ከሀሁ ተነሡ። በስታኒስላቭስኪ ትምህርት ተዋናይ ኀዘንን በፊቱ አይቀባም፤ አስቀድሞ በልቡ እውነት ሆኖ እንዲታየው ያደርጋል እንጂ። ለሐና የመምህሩ ዕብራይስጥ አለማወቅ ጠቅሟታል ብለን እናስባለን። ቃሉን አሳምሮ በመናገር ብቻ እርሱን ማታለል አይቻልምና፤ ስሜቱ ከሌለ ወደ መምህሩ የሚደርስ ምንም ነገር የለም።

ኑሮው ደግሞ ከትምህርቱ የከበደ ነበር። የእርስ በርስ ጦርነት ተነሥቶ በሞስኮ ዳቦ በመጠን ይታደል፥ ማገዶም ይታጣ ነበር። ቫክታንጎቭ በየቦታው ያስተምር ስለ ነበር ወደ ሀቢማ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በማታ ነው። ተርቦ ማጥናት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው የቀረውን ይገምተው። እንዲህም ሆነው ጥቅምት መጀመሪያ 1918 አራት አጫጭር ተውኔቶችን ለሕዝብ አሳዩ።

በ1920 ሌላ አደጋ መጣ። ዕብራይስጥ የካህናትና የከበርቴዎች ቋንቋ ነው የሚሉ ባለሥልጣኖች ማኅበሩ ከመንግሥት የሚያገኘው ርዳታ እንዲቋረጥ ተከራከሩ። ስታኒስላቭስኪና ደራሲው ማክሲም ጎርኪ ለሌኒን አቤት ካሉት መካከል ነበሩ፤ ሀቢማም ሥራውን ቀጠለ።

ቫክታንጎቭ ለእነዚህ ተማሪዎቹ ያዘጋጀው ትልቁ ሥራ የአንስኪ ድርሰት፥ ባለቅኔው ቢያሊክ ወደ ዕብራይስጥ የመለሰው ዲቡክ ነው። አባቷ ለሀብታም ልጅ ያጫትን ልያን የሚወዳት ድኻ ተማሪ ይሞታል፤ በሠርጓም ቀን መንፈሱ ያድርባታል። ልያ የሆነችው ሐና ናት። ነጭ ልብስ ለብሳ፥ ሁለት ረጃጅም ጥቁር ሹሩባ በትከሻዋ ላይ ጥላ ትቆማለች፤ ከዚያች ሙሽራ አፍም የሞተው ወንድ ድምፅ ይወጣል። ጥር 31 ቀን 1922 ሲታይ ከተመልካቹ ብዙው ዕብራይስጥ የማይሰማ ነበር፤ ነገር ግን በሞስኮ ታላቅ ዝና አተረፈ። ቫክታንጎቭ በዚያው ዓመት ግንቦት 29 ቀን በ39 ዓመቱ በካንሰር ሞተ።

ማኅበሩ በ1926 ሩሲያን ለቅቆ በአውሮፓና በአሜሪካ ዞረ። በኒው ዮርክ ለሁለት ተከፍሎ ጸማሕ እዚያ ሲቀር፥ ሐና ከሌሎቹ ጋር ሆና ኋላ በቴል አቪቭ ተቀመጠች። በ1956 የእስራኤል መንግሥት ሽልማት ተሰጣት፤ ሀቢማም በ1958 የአገሪቱ ብሔራዊ ቴአትር ተባለ። ሐና ያረፈችው በ1980 ነው። ልያን ሆና ለብዙ ዓመታት ስትጫወት፥ ሙሽራይቱ የምትቆመውም ለማኞቹ የሚጨፍሩትም ቫክታንጎቭ በሞስኮ ባሳያቸው ዓይነት ነበር።