ስሙን የሸጠው ባለሙያ፦ የጄምስ ላንሲንግ ሕይወትና ሥራ

ሙዚቃን ከልብ የሚወዱ ሰዎች በተገናኙበት ሥፍራ ሁሉ አንድ የማያልቅ ክርክር ይነሣል። ይኸውም እስከ ዛሬ ከሰሙት ድምፅ ማጉያ ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው የሚለው ነው። አንዱ በወጣትነቱ በትልቅ ሲኒማ ቤት የሰማውን ያነሣል። ሌላው በሙዚቃ መቅረጫ ስቱዲዮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየውን ያወድሳል። ሦስተኛው ደግሞ በወዳጁ ሳሎን ውስጥ ቁም ሣጥን ከሚያህል ሣጥን የወጣውን ድምፅ እስከ ዕለተ ሞቱ እንደማይረሳው ይናገራል። ክርክሩ በጆሮና በትዝታ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ዳኛ አይገኝለትም። ይሁን እንጂ በዚህ ክርክር ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ ከሚጠራው መሣሪያዎች መካከል የብዙዎቹ የዘር ሐረግ ቢቈጠር ከአንድ ሰው የሥራ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ይህ ሰው ጄምስ ቡሎ ላንሲንግ ይባላል። ስሙ በሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ምርት ላይ ታትሞ ዓለምን ሲዞር፣ እሱ ራሱ ግን በ47 ዓመቱ በዕዳ ተይዞ ከዚህ ዓለም ተለየ።

ላንሲንግ የተወለደው እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1902 ዓ.ም. በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በተወለደ ጊዜ የወጣለት ስም ጄምስ ማርቲኒ ሲሆን፣ ከአሥራ አራት ልጆች ዘጠነኛው ነበር። አባቱ በድንጋይ ከሰል ማዕድን ሥራ ይተዳደር ስለ ነበር ቤተሰቡ ሥራ ወደሚገኝበት ይዛወር ነበር። ልጁ ገና በለጋ ዕድሜው ለኤሌክትሪክ ልዩ ፍቅር ያደረበት ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ሙላት የሚያጠራቅም ማሰሮ በገዛ እጁ ሠርቶ ጓደኞቹን እያስደነገጠ ይጫወት ነበር። ቀጥሎም ለራሱ የራዲዮ መሣሪያ ሠራ። ከዩኒቨርሲቲ ገብቶ በምሕንድስና የመመረቅ ዕድል አላገኘም። ያደገው በአውቶሞቢል ጥገና ሥራ ነው። ብረትን በትክክል የመለካት፣ የመቍረጥና የማገጣጠም ልምዱም ከዚያ የመጣ ነው።

እናቱ በ1924 ዓ.ም. ካረፈች በኋላ የትውልድ አገሩን ትቶ ወደ ምዕራብ ተጓዘ። በሶልት ሌክ ሲቲ ከተማ በራዲዮ ጣቢያ ሲሠራ ሁለት ሰዎችን አገኘ። አንደኛዋ በኋላ ባለቤቱ የሆነችው ወጣት ስትሆን፣ ሁለተኛው ኬን ዴከር የሚባል የንግድ ሥራ የገባው ሰው ነበር። ሁለቱ ወንዶች በ1927 ዓ.ም. ወደ ሎስ አንጀለስ አምርተው የራዲዮ ድምፅ ማጉያ የሚሠራ አነስተኛ ኩባንያ አቋቋሙ። ማርቲኒ የሚለውን የአባቱን ስም ትቶ ላንሲንግ የሚለውን የያዘው በዚሁ ዓመት ነው። ቡሎ የሚለው ደግሞ በልጅነቱ ለጥቂት ጊዜ ካስጠጋው ቤተሰብ የተወሰደ ነው። በራሱ ምርጫ የያዘውን ይህን ስም በኋላ የሕግ ክርክር የሚነሣበት ንብረት እንደሚሆን በዚያን ጊዜ የጠረጠረ አልነበረም።

የሥራ ክፍፍላቸው ግልጽ ነበር። ዴከር ሒሳቡን ይይዛል፣ ደንበኛ ይፈልጋል፣ ከባንክ ጋር ይነጋገራል፤ ላንሲንግ ደግሞ ከማምረቻው አይለይም። ይህ ክፍፍል በቆየበት አሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ኩባንያው ከቤት ራዲዮ ተነሥቶ የሲኒማን ድምፅ እስከ መለወጥ ደረሰ።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሲኒማ መናገር ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። የኤም.ጂ.ኤም. ፊልም ኩባንያ የድምፅ ክፍል ኃላፊ የነበረው ዳግላስ ሺረር፣ በስቱዲዮው ውስጥ በጥንቃቄ የተቀረጸው ድምፅ ሲኒማ ቤት ሲደርስ ተበላሽቶ መሰማቱ ያሳስበው ነበር። ስለዚህ ጆን ሂልያርድ የሚባለውን መሐንዲስ የሥራው መሪ አድርጎ አዲስ መሣሪያ እንዲሠራ አዘዘ። የማምረቱም ሥራ ለላንሲንግ ኩባንያ ተሰጠ። ጆን ብላክበርን የሚባል ወጣት የሳይንስ ሰውም ከላንሲንግ ጋር ተሰለፈ።

ያጋጠማቸው ችግር ለመሐንዲስ ትምህርት ሰጪ ነው። ለወፍራሙ ድምፅ አንድ፣ ለቀጭኑ ድምፅ ሌላ ማጉያ መመደብ አስቀድሞ የታወቀ ዘዴ ነበር። ነገር ግን ወፍራሙ ድምፅ የሚወጣበት የተጠማዘዘ ረጅም ጡሩምባ መንገዱን ስለሚያስረዝመው፣ አንዱ ድምፅ ከሌላው ወደ ኋላ ይቀራል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የ3 ሜትር የመንገድ ልዩነት ወደ 9 ሚሊ ሴኮንድ የሚጠጋ መዘግየት ያስከትላል። ይህ ቍጥር በወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ነው። ሆኖም በፊልሙ ውስጥ የምትጨፍር ሴት ጫማዋ ወለሉን አንድ ጊዜ ሲመታ ተመልካቹ ሁለት ጊዜ የመታ መስሎ ይሰማዋል። ሂልያርድና ጓደኞቹ የወፍራሙን ድምፅ ጡሩምባ አሳጥረው ሁለቱ ድምፆች በአንድ ጊዜ ከአድማጩ ጆሮ እንዲደርሱ አደረጉ። በሺረር ስም የሚታወቀው ይህ ሥርዓት በ1936 ዓ.ም. የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት አስገኘ። ሽልማቱ የተሰጠው ለሺረርና ለኤም.ጂ.ኤም. የድምፅ ክፍል ነበር። በሥርዓቱ ውስጥ ያሉትን ድምፅ ማጉያዎች በእጁ ያወጣው ላንሲንግ ግን በሽልማቱ ላይ ስሙ አልሰፈረም።

የላንሲንግ ችሎታ ከምን ላይ እንደ ነበር ለመረዳት የድምፅ ማጉያን አሠራር ማስታወስ ያሻል። በማግኔት ክፍተት ውስጥ የተንጠለጠለ ጥቅል ሽቦ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲያልፍበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ከእሱም ጋር የተያያዘው ገበታ አየሩን ይገፋል። ክፍተቱ በጠበበ ቍጥር የማግኔቱ ኃይል ይበረታል፤ ነገር ግን ሽቦው ከብረቱ ጋር የመፋተጉ አደጋም ይጨምራል። በዚያ ዘመን አምፕሊፋየሮች በቫልቭ የሚሠሩና ኃይላቸው ጥቂት ዋት ብቻ ስለ ነበር፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ በድምፅ ለመሙላት ከእያንዳንዱ ዋት የሚገኘው ሁሉ መገኘት ነበረበት። ስለዚህ የድምፁ ጥራትና ብርታት የሚወሰነው በንድፉ ብቻ ሳይሆን በማምረቻው ውስጥ ባለው የልክ ጥንቃቄም ነበር።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ጠፍጣፋው ሽቦ ነው። ክብ ሽቦዎች ጐን ለጐን ሲደረደሩ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ስለሚተዉ፣ ከያዙት ቦታ በሽቦ የሚሞላው ከመቶ 78 እጅ ያህሉ ብቻ ነው። ሽቦው እንደ ጥብጣብ ተዳምጦ በጠርዙ ቆሞ ቢጠቀለል ግን ያ ባዶ ቦታ ከሞላ ጐደል ይጠፋል፤ በዚያው ክፍተት ውስጥም ብዙ ብረት ይገባል። ሐሳቡ የላንሲንግ ፈጠራ አይደለም፤ ከእሱ በፊት በዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሣሪያ ውስጥ ሥራ ላይ ውሏል። የእሱ ድርሻ ይህን አስቸጋሪ ሥራ ሳይሰበርና ሳይጣመም በየዕለቱ ሊደጋገም የሚችል የማምረቻ ልማድ ማድረጉ ነው። አንድን ነገር አንድ ጊዜ መሥራትና ሺህ ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ላንሲንግ ጠንቅቆ የተረዳ ሰው ነበር።

በ1937 ዓ.ም. ኩባንያው አይኮኒክ የተባለውን፣ ለስቱዲዮ አነስ ብሎ የተዘጋጀ ባለ ሁለት ክፍል ድምፅ ማጉያ አወጣ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን መከራ መጣ። በ1939 ዓ.ም. ዴከር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በማምረቻው ውስጥ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ሽቦው እንደ ቀድሞው ይጠቀለላል፣ ልኩም እንደ ቀድሞው ይጠበቃል። የሒሳቡ ጠረጴዛ ግን ባለቤት አጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኩባንያው ሊወድቅ ደርሶ፣ አልቴክ የተባለው የሲኒማ ቤት መሣሪያዎች ጥገና ድርጅት በታኅሣሥ 1941 ዓ.ም. በ50,000 ዶላር ገዛው። አዲሱ ኩባንያ አልቴክ ላንሲንግ ተባለ። ላንሲንግም ኩባንያውን ብቻ ሳይሆን ስሙንም አብሮ ሸጠ።

ላንሲንግ በአዲሱ ኩባንያ የምሕንድስና ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ የሠራባቸው ዓመታት ፍሬ የበዛባቸው ናቸው። የንግዱን ጭንቀት ሌሎች ተሸክመውለት እሱ ወደ ሙያው ተመለሰ። አዲሱ የአልኒኮ ቋሚ ማግኔት፣ የተለየ ኤሌክትሪክ ይፈልግ የነበረውን ከባድ ኤሌክትሮማግኔት የተካው በዚህ ወቅት ነው። ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ከአንድ ማዕከል የሚያወጣው 604 የተባለው ድምፅ ማጉያም በዚያን ጊዜ ተወለደ፤ በአሜሪካ የሙዚቃ ስቱዲዮዎችም ለብዙ አሥርተ ዓመታት መመዘኛ ሆኖ ኖረ። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የቲያትር ድምፅ የሚል ስም የተሰጠው የሲኒማ ቤት ድምፅ ማጉያ ወጣ። ይህም ብዙ ትውልድ ፊልም የሰማበት መሣሪያ ነው።

የአምስት ዓመት ውሉ በ1946 ዓ.ም. ሲፈጸም ላንሲንግ አልቴክን ለቀቀ፤ በስሙም ሌላ ኩባንያ አቋቋመ። ወዲያው ግን አልቴክ ተቃውሞ አቀረበ። ላንሲንግ የሚለው ስም በገንዘብ የተገዛ ስለ ነበር፣ ባለስሙ ራሱ እንደ ልቡ ሊጠቀምበት አልቻለም። በመጨረሻ ኩባንያው ጄምስ ቢ. ላንሲንግ ሳውንድ ተብሎ እንዲጠራ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ሰውየው ለራሱ የመረጠውን ስም ከራሱ ለመለየት የመጀመሪያ ስሙንና አንድ ፊደል መጨመር አስፈለገው።

በካሊፎርኒያ ሳን ማርኮስ ከሚገኘው የእርሻ ቦታው ሆኖ የጀመረው ይህ ሥራ ታላቅ ፍሬ ያስገኘው ገና ከመጀመሪያው ነው። ዲ130 የተባለው፣ 38 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድምፅ ማጉያ፣ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ በጠፍጣፋ ሽቦ የተጠቀለለ ጥቅል ነበረው። በዚያን ጊዜ ይህን ያህል ሰፊ ጥቅል ለእንዲህ ዓይነት ማጉያ እንግዳ ነገር ነበር። በጥቂት ዋት ቤቱን የሚያናውጥ፣ ነገር ግን የማይንኰራኰር ድምፅ ስለሚሰጥ፣ ከጊዜ በኋላ ከቤት ሙዚቃ አልፎ የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋቾች ምርጫ ሆነ።

ዴከርን የሚተካ ሰው ግን አልነበረም። የጥሬ ዕቃ ዋጋ፣ የሠራተኛ ደመወዝና የደንበኛ ክፍያ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወደቁ። ማርካርት የተባለ የአውሮፕላን ሞተር ኩባንያ ባለድርሻ ሆኖ ገብቶ ለጥቂት ጊዜ እፎይታ ተገኘ፤ የዚያ ኩባንያ ገንዘብ ያዥ የነበረው ዊልያም ቶማስም በላንሲንግ ሥራ ላይ እምነት አደረበት። ዳሩ ግን ማርካርት በ1949 ዓ.ም. ለሌላ ባለሀብት ሲሸጥ ድጋፉ ተቋረጠ። ዕዳውም ወደ 20,000 ዶላር ደረሰ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ላንሲንግ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ።

ከሞቱ በኋላ ኩባንያውን ተጠቃሚ የሚያደርግ የ10,000 ዶላር የሕይወት ኢንሹራንስ ውል ተገኘ። ላንሲንግ በሕይወት ሳለ አጥቶት የነበረው ገንዘብ በሞቱ መጣ። ኩባንያውም በዚህ ገንዘብ ተረፈ። ቶማስ አመራሩን ተረክቦ የባለቤቱን ድርሻ ገዛ፤ ያለቀለት ይመስል የነበረውንም ሥራ ሃያ ዓመት ያህል መራው። በ1954 ዓ.ም. ሃርትስፊልድ፣ በ1957 ዓ.ም. ፓራጐን የተባሉት ታላላቅ የሳሎን ድምፅ ማጉያዎች የወጡት በእሱ ዘመን ነው። የስሙ ክርክር በ1950ዎቹ እንደገና በመነሣቱ ኩባንያው በምርቱ ላይ ጄ.ቢ.ኤል. የሚሉትን ሦስት ፊደሎች ማተም ጀመረ። ዛሬ እነዚህ ፊደሎች በሲኒማ ቤትና በአዳራሽ፣ በመኪናና በኪስ በሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ላይ ይታያሉ። ኩባንያው በ1969 ዓ.ም. በሲድኒ ሃርማን ይመራ ለነበረው ድርጅት ተሸጠ፤ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮም ሃርማንን ከገዛው ከሳምሰንግ ጋር ተጠቃሏል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የላንሲንግ የሥራ ዘመን ሲታይ ይህ አባባል በዓመት ተቈጥሮ የተቀመጠ ይመስላል። ዴከር ሒሳቡን በያዘ ጊዜ የሺረር ሥርዓትና አይኮኒክ ተሠሩ። አልቴክ ንግዱን በተሸከመ ጊዜ 604 ተወለደ። ብቻውን በቀረባቸው ዓመታትም እጁ አልደከመም፤ ዲ130 ለዚህ ምስክር ነው። የደከመው ሰውየው ነበር። በእኛም ሙያ አንድን ጥሩ ባለሙያ ከጥሩ ሒሳብ ያዥ ጋር ማጣመር እንደ ትርፍ ነገር የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ላንሲንግ በሞተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያው ማምረቻ፣ ያው ጠፍጣፋ ሽቦና ያው የልክ ጥንቃቄ አትራፊ ኩባንያ ሆነዋል። የተጨመረው ነገር ቢኖር ከማምረቻው አጠገብ የተቀመጠ አንድ የሒሳብ ሰው ነው።