ኢንሱሊንን በአንድ ዶላር የሸጠው ሐኪም

ስኳር በሽታ ሲባል ብዙዎቻችን ትልልቅ ሰዎች ናቸው ትዝ የሚሉን። ዓይነት 1 የሚባለው ግን ሕፃናትንም ይይዛል። ቆሽታቸው ኢንሱሊን ማምረት ያቆማል፤ በመርፌ ካላገኙ በሕይወት አይቆዩም። እዚህ ባሕር ዳርም ሆነ በጣና ዳር ቀበሌዎች እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ። መርፌያቸው የመጣው ከአንድ ካናዳዊ ሐኪም ሌሊት ነው፤ ታሪኩን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ፍሬድሪክ ባንቲንግ በ1891 ኦንታሪዮ ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጦር ሐኪም ሆኖ ዘመተ፣ ቆሰለ፣ ተሸለመ። በ1920 የግል ክሊኒክ ከፈተ፤ በሽተኛ ግን የለም! በመጀመሪያው ወር ያገኘው 4 ዶላር ብቻ ነበር። ኑሮውን ለመደጎም ማስተማር ጀመረ። አንድ ሌሊት ለትምህርቱ ሲዘጋጅ ስለ ቆሽት ያነበበው ጽሑፍ እንቅልፍ ነሳው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ተነስቶ አንድ ሐሳብ ጫር ጫር አደረገ።

ሐሳቡን ይዞ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ፕሮፌሰር ማክላውድ ቢጠራጠሩም ላቦራቶሪ፣ ውሾችና ቻርልስ ቤስት የሚባል ወጣት ረዳት ሰጡት። ሁለቱ በ1921 ከቆሽት ያወጡት ፈሳሽ የታመሙትን ውሾች ስኳር አወረደ።

በጃንዋሪ 1922 ተራው የ14 ዓመቱ የሊዮናርድ ቶምሰን ሆነ። ያኔ የነበረው ሕክምና ምግብ መቀነስ ስለነበር ልጁ ቆዳና አጥንት ብቻ ቀርቶ ነበር። የመጀመሪያው መርፌ አልያዘም፤ መድኃኒቱ ንጹሕ አልነበረም። ጄምስ ኮሊፕ የተባለ ባዮኬሚስት አጣራው፤ ከ12 ቀን በኋላ ድጋሚ ሲወጋ ስኳሩ ወረደ። ሊዮናርድ ሌላ 13 ዓመት ኖረ።

እኔ ባንቲንግን ይበልጥ የምወደው ግን ከዚህ በኋላ ላደረገው ነው። በ1923 እሱ፣ ቤስትና ኮሊፕ የፈጠራ መብቱን ለዩኒቨርሲቲው እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ሸጡት። ቢፈልጉ ኖሮ በሀብት ይታጠቡ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቤል ሲሸለም ድርሻውን ከቤስት ጋር እኩል ተካፈለ። በ1941 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ አውሮፕላኑ ኒውፋውንድላንድ ላይ ወደቀ፤ በ49 ዓመቱ ሞተ። የልደት ቀኑ ኖቬምበር 14፣ በእኛ ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ የዓለም የስኳር በሽታ ቀን ሆኖ ይከበራል።

ታዲያ መብቱ በ1 ዶላር ተሸጦ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ለምንድን ነው ልጅ ኢንሱሊን አጥቶ የሚሞተው? ምክንያቱም ብልቃጡ ብቻውን አያድንም። መርፌ ይፈልጋል፤ በየቀኑ ስኳር የሚለካበት ስትሪፕ ይፈልጋል፤ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ከደቅ ደሴት በጀልባ ለሚመላለስ ቤተሰብ ፍሪጅ ከየት ይመጣል? ፍሪጅ በሌለበት በእርጥብ አሸዋ የተከበበ የሸክላ ዕቃ ይረዳል።

ለዚህ ነው እርዳታ ያስፈለገው። ኖቮ ኖርዲስክ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ በ2009 የጀመረው ፕሮግራም ኢትዮጵያን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ለልጆች ኢንሱሊን በነፃ ያቀርባል። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችንም በሻንጣ መለኪያ ያመጣሉ። እግዜር ይስጣቸው! ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ስትሪፕ የሚሠራው ከራሱ መለኪያ ጋር ብቻ ነው። ውብ መለኪያ ከ50 ስትሪፕ ጋር ተሰጥቶ፣ ስትሪፑ ሲያልቅ ዓይነቱ እዚህ ገበያ ላይ ከሌለ፣ መለኪያው መጫወቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ለአክስታችሁ ወይም ለአጎታችሁ ቴሌግራም ላይ ስትጽፉ እንዲህ በሏቸው፦ መጀመሪያ የሆስፒታሉን የስኳር ክሊኒክ የትኛውን መለኪያ እንደሚጠቀም ጠይቁ። የአገልግሎት ጊዜው ሊያልቅ የደረሰ አታምጡ። ኢንሱሊን ከሆነ ደግሞ ከክሊኒኩ ጋር ተነጋግራችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙት፤ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሊበርድ ይችላል፣ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ደግሞ አይሠራም። ከሁሉም በላይ፣ ለአንድ ልጅ በየወሩ የሚደርስ ስትሪፕ ለአሥር ልጆች አንድ ጊዜ ከሚመጣ መለኪያ ይበልጣል። ልጁ የሚወጋው ዕድሜ ልኩን ነውና።