የመምህር ኦነሲሞስ ነሲብ ሕይወት

እኛ የደካ ልጆች በቤታችን የምንነጋገረው በካፊኖኖ ነው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። መምህራችን ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ካስረዱ በኋላ ፊታችንን አይተው በምናውቀው ቋንቋ ይደግሙልናል። ይህ ተማሪን ይረዳል ወይስ ያሰንፋል እያሉ መምህራን ሲከራከሩ ስለ ሰማሁ፣ የኦነሲሞስ ነሲብን ታሪክ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ኦነሲሞስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ ተወለዱ። በልጅነታቸው በባርነት ተሽጠው ምጽዋ ደረሱ። በዚያ ነፃ ወጥተው በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ኋላም ስዊድን ሄደው ተማሩ። ከአገራቸው በልጅነት በመውጣታቸው ቋንቋቸው ጎድሎባቸው ስለ ነበር፣ አስቴር ጋኖ ቃላቱን እየሰበሰቡ ረዷቸው። ሁለቱ በ1894 የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ፣ በግዕዝ ፊደል ታተመ።

በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ፤ ነገር ግን በ1906 ተከሰሱ። ዳግማዊ ምኒልክ በነቀምት እንዲቀመጡ ቢፈቅዱላቸውም፣ ከመስበክ ተከለከሉ። የመስበክ ፈቃድ ያገኙት በ1916፣ በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። በ1931 ዐረፉ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ስዊድንኛ መማራቸው የትውልድ ቋንቋቸውን አላስናቃቸውም። ስለዚህ መምህራችን በምናውቀው ቋንቋ ሲደግሙልን ስንፍና አስተማሩን አልልም። እንግሊዝኛውን ተግቶ ማጥናት ግን የእኛ ፈንታ ነው።