ብላንፎርድና ያልታጠፉት ተራሮች

ተራራ ሁሉ ከንጣፎች መታጠፍ የተወለደ የሚመስለን የአልፕስንና የሂማልያን ሥዕል በመማሪያ መጻሕፍት አስቀድመን ስላየን ነው። ከሰቆጣ ወደ ደሃና የዘለቀ መንገደኛ ግን ገደሎቹን ልብ ብሎ ቢመለከት፣ ንጣፎቹ እንደ ተነባበረ እንጀራ በአብዛኛው ጋደም ብለው ያገኛቸዋል። የዚህን ደጋ አለት በቅደም ተከተል መድበው ስም ከሰጡት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ ነው።

ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1832 በለንደን ተወልዶ፣ በ1855 ከወንድሙ ከሄንሪ ጋር በህንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ገባ። ናፒየር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ በዘመተ ጊዜ ከጦሩ ጋር እንዲጓዝ ታዘዘ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወድቃ መጻሕፍቷና ንዋያተ ቅድሳቷ ሲጋዙ፣ እርሱም የሰበሰበውን ይዞ ተመለሰ። ጥናቱና ዘረፋው በአንድ ሰፈር ማደራቸውን ብንዘነጋ ታሪኩን እናጎድላለን።

የጦሩ መንገድ ከዙላ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በአንጣሎና በአሸንጌ እያለ ከደሃና በስተ ምሥራቅ ያልፋል። ብላንፎርድ በ1870 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከታች የአዲግራትን የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ የአንጣሎን የኖራ ድንጋይ አኖረ። ከእነዚህ በላይ ያለውን የእሳተ ገሞራ አለት ደግሞ ታችኛውን አሸንጌ፣ ላይኛውን መቅደላ ብሎ ለየው።

መታጠፍ የሚሆነው ክፍለ ምድሮች ሲገፋፉ ነው፤ በመካከላቸው የተያዘው ንጣፍ በሙቀትና በግፊት ውስጥ ረጅም ዘመን ኖሮ ሳይሰበር ይሸበሸባል። በአገራችን የዚህ ምስክር ከአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ ሥር ያለው የትግራይ ጥንታዊ አለት ነው። ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት ታጥፎ ተራራ የነበረው ተሸርሽሮ ሜዳ ከሆነ በኋላ አሸዋው በላዩ ተነጠፈ። የዋግ ተራሮች ግን ሌላ ልደት አላቸው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቅልጥ አለት በየተራ ፈስሶ ተከመረ፣ ምድሩም ከፍ አለ፣ ተከዜና ገባሮቹ ቆርጠው አምባውን ከአምባ ለዩት። ተራራውን ያቆመው ግፊት ሳይሆን ክምርና ሸለቆ ነው። ወደ ምሥራቁ ገደል ሲቃረብ ንጣፉ ዘንበል ቢልም፣ ምድር ተስቦ በመሰንጠቁ እንጂ በመጨመቁ አይደለም።

የብላንፎርድ አከፋፈል በኋላ ተተችቷል። በ1990ዎቹ የተደረገ የዕድሜ ልኬታ አብዛኛው ክምር በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ መፍሰሱን ስላሳየ፣ በሁለቱ መካከል ረጅም ዕረፍት ለማሰብ ቦታው ጠቧል። እርሱ ግን ያለ መለኪያ መሣሪያ፣ በሠራዊት ፍጥነት እየተጓዘ በዐይኑ የለየው ነበር።

ከሜድሊኮት ጋር የህንድን ሥነ ምድር መጽሐፍ በ1879 አወጣ፤ በ1882 ጡረታ ወጥቶ በ1905 በለንደን ዐረፈ። አሸንጌ የሚለው ስያሜው ዛሬም በአገራችን የሥነ ምድር ካርታዎች ላይ ይነበባል።