የሲልቪያ ፓንክኸርስት ሕይወት

ሲልቪያ ፓንክኸርስት በ1874 ዓመተ ምሕረት በሚያዝያ ወር በእንግሊዝ አገር ማንችስተር በምትባል ከተማ ተወለደች። በዚህ ታሪክ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ማንችስተር የጥጥ ፋብሪካ የበዛባት ከተማ ነበረች። የፋብሪካው ጌታ ሲበለጽግ፥ ጨርቁን የሚሠሩት ግን በጠባብ ቤት ተጨናንቀው በችግር ይኖሩ ነበር። አባትዋ ጠበቃ ነበረ፤ ልጆቹም ለሌላ ሰው ሳይጠቅሙ እንዳይኖሩ አጥብቆ ይመክራቸው ነበር።

ሲልቪያ ከሕፃንነትዋ ጀምራ ሥዕል ትወድ ነበር። ስለዚህ በሎንዶን ወዳለው ታላቅ የሥዕል ትምህርት ቤት ገባች። ከዚያም በኋላ በፋብሪካና በእርሻ የሚደክሙትን ሴቶች እየዞረች ሣለቻቸው። ሥዕልዋ እጅግ የተዋበ ነበር፤ ዳሩ ግን የሣለቻቸው ሴቶች ችግር ልብዋን ስለ ነካው ብሩሽዋን አስቀመጠች።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ሴት የሕዝብ እንደራሴ ለመምረጥ መብት አልነበራትም። እናትዋ ኤመሊንና እኅትዋ ክሪስታቤል ለዚህ መብት የሚታገል ማኅበር መሪዎች ነበሩ፤ ሲልቪያም ከእነርሱ ጋራ ሆነች። ብዙ ጊዜ ታሰረች፤ በእስር ቤትም እህል አልቀምስም ባለች ጊዜ በግድ ምግብ በጎማ ቧንቧ ያወርዱባት ነበር። እርስዋ ግን ከሁሉ ይልቅ በምሥራቅ ሎንዶን ያሉትን ድኾች ሴቶች ትረዳ ነበርና፥ ይህን እናትዋና እኅትዋ አልወደዱላትም። በ1906 ዓመተ ምሕረት ከማኅበራቸው አስወጧት። ከእናትና ከእኅት መለየት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሲልቪያ ግን ከድኾቹ ጋራ ቀረች።

በዚያው ዓመት ታላቁ የዓለም ጦርነት ተነሣ። ወንዶቹ ወደ ጦር ሜዳ ሄዱ፤ አያሌ ፋብሪካ ተዘጋ፤ የእህልም ዋጋ ተወደደ። እናቶች ወተት ያጡ ሕፃናት ታቅፈው ወደ ሲልቪያ ደጅ መጡ። እርስዋም ምግብ ቤት ከፈተች። በዚያ ትልቅ ሰው በሁለት ፔኒ፥ ልጅ በአንድ ፔኒ ይበላ ነበር፤ ይህም ምግቡ የወጣበት ዋጋ ነው እንጂ ትርፍ የለበትም። ምንም የሌለው ሰው ያለ ዋጋ ይበላ ነበር። ሥራ ላጡ ሴቶችም የልጆች መጫወቻ የሚሠራበት ፋብሪካ አቋቁማ ደመወዝ ከፈለቻቸው። በጠመንጃ ሠሪዎች ስም የሚጠራ አንድ መጠጥ ቤት ነበረ፤ ሲልቪያ ይህን ቤት የሕፃናት ማቆያና መታከሚያ አደረገችው፤ ስሙንም ለውጣ በእናቶች ስም ጠራችው። ሰካራም ይጮኽበት በነበረው ቤት ሕፃናት ወተት ጠጡበት።

በ1928 ዓመተ ምሕረት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ወረረች። ብዙ መንግሥታት አይተው ዝም አሉ። ሲልቪያ ኢትዮጵያን በዓይንዋ አይታ አታውቅም ነበር፤ ነገር ግን የኢትዮጵያን ነገር ለዓለም የሚያሰማ ጋዜጣ አቋቁማ በየሳምንቱ አሳተመች። የመጀመሪያው ቁጥር የወጣው የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ በገባበት በሚያዝያ 27 ቀን ነው። ይህን ሥራ 20 ዓመት ያህል ሳታቋርጥ ሠራች። የገዛ አገርዋ ሹማምንት በእርስዋ ነገር ይሰለቹ ነበር፤ እርስዋ ግን ደብዳቤ መጻፍዋን አልተወችም። በእውነቱ እጅግ ችክ የምትል ሴት ነበረች።

የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ሳሉ በሎንዶን በሕፃናት ሆስፒታል የነርስነትን ሙያ ተምረው ነበር። አገራቸው ነጻ ከወጣች በኋላ ተመልሰው ባል አገቡ፤ ነገር ግን በነሐሴ ወር 1934 ዓመተ ምሕረት በለቀምት ሳሉ ከእርግዝና በመጣ ሕመም በወጣትነታቸው ዐረፉ። የንጉሥ ልጅና ነርስ የነበሩት ከዚህ ሞት ካልዳኑ፥ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ የምትወሰድ የገበሬ ሚስት ምን ተስፋ ነበራት? ሲልቪያ በልዕልቲቱ ስም ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ መለመን ጀመረች። ራስዋ ሀብታም አልነበረችም። ነገር ግን በጽሕፈትዋም በቃልዋም ብዙ ሰው ለማይታወቅ አገር እናቶች ገንዘቡን እንዲሰጥ አደረገች። ልመናው ብዙ ዓመት ፈጀ፤ ሆስፒታሉም በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ተከፈተ። ኋላም የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ።

በሐምሌ ወር 1948 ዓመተ ምሕረት ሲልቪያ ዕድሜዋ 74 ሲሆን ቤትዋን ትታ ከልጅዋ ከሪቻርድ ጋራ አዲስ አበባ መጥታ ተቀመጠች። በዚያም ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር መጽሔት ታዘጋጅ ነበር፤ ድኾችን የሚረዳ ማኅበርም ሲቋቋም አገዘች። በመስቀል ዕለት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓመተ ምሕረት ዐረፈች። ወለተ ክርስቶስ በሚል ስም በታላቅ ክብር በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፊት፥ አርበኞች ባረፉበት ስፍራ ተቀበረች።

እርስዋ ከመሞትዋ በፊት በ1951 ዓመተ ምሕረት ካትሪን ሃምሊንና ሬጂናልድ ሃምሊን የሚባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አዋላጆችን ሊያስተምሩ ከባሕር ማዶ መጡ። ሊቀመጡ ያሰቡት ጥቂት ዓመት ነበር። ነገር ግን በረጅም ምጥ የተጎዱና ከሰው የተገለሉ ሴቶችን ባዩ ጊዜ መመለስ አልቻሉም፤ እስከ ሞታቸውም ድረስ ሲያክሙ ኖሩ። በ1960ዎቹ ለእነዚህ ሴቶች ብቻ የሚሆን ሆስፒታል በአዲስ አበባ አቋቋሙ፤ ታካሚዋም ዋጋ አትከፍልም። በ1990ዎቹም የዚህ ሆስፒታል ቅርንጫፍ በባሕር ዳር ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የአዊ እናት እንዲህ ያለ ጉዳት ቢደርስባት እስከ አዲስ አበባ መሄድ አላስፈለጋትም፤ ከእንጅባራ ተነሥታ በዳንግላ በኩል በአውራ ጎዳናው ባሕር ዳር ትደርሳለች።