ሱቃቸው ያልገዛቸው ነጋዴ፦ ኢማም አቡ ሐኒፋ

የኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሂመሁላህ) ስም ሲነሳ ለአብዛኞቻችን የሚታየን በመስጊድ ውስጥ በደረሶች ተከበው የተቀመጡ ታላቅ ፈቂህ ናቸው። በአገራችንም በተለይ በወሎ ትውልድ ከትውልድ ሲቀራ የኖረው የሐነፊ መዝሀብ መሥራች ናቸውና ይህ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ኢማሙ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሱቅ ባለቤት እንደነበሩ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከጧት እስከ ማታ ከሱቁ የማይወጣ፣ ልጆቹን ተኝተው ትቶ ሄዶ ተኝተው የሚያገኛቸው፣ ስኳርና ደም ብዛት በአርባ ዓመቱ የጀመረው ነጋዴ በበዛበት በዚህ ዘመን፣ የኢማሙን ሕይወት ከዚህ በኩል መመልከት ተገቢ ነው።

ኑዕማን ኢብን ሣቢት በ80 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 699) በኢራቋ ኩፋ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ነጋዴ ነበር፤ እሳቸውም ኸዝ በሚባለው ከሐርና ከሱፍ በሚሠራ ጨርቅ ንግድ ውስጥ አደጉ። በወጣትነታቸው ውሏቸው ገበያ ነበር። አንድ ቀን ታላቁ ዓሊም ሸዕቢ ሲያልፉ አይተዋቸው፣ ንቃታቸውን በመመልከት ከዑለሞች ዘንድ እንዲቀመጡ መከሯቸው። ምክሩ ልባቸው ገባ። ከዚያም ወደ ሐማድ ኢብን አቢ ሱለይማን ሐለቃ ገብተው፣ ኡስታዛቸው በ120 ዓመተ ሂጅራ እስኪሞቱ ድረስ 18 ዓመት ያህል አብረዋቸው ቆዩ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን ነገር አለ። ኢማሙ ዒልም ፍለጋ ሲወጡ ሱቃቸውን አልዘጉም። ሱቁ ግን ሙሉ ቀናቸውን እንዲወስድባቸው አልፈቀዱለትም። ደረሳቸው ዩሱፍ ኢብን ኻሊድ ባስተላለፉት ዘገባ መሠረት፣ ኢማሙ ገበያ የሚቀመጡት ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ዙህር ድረስ ነበር። ቅዳሜን ለቤታቸው ጉዳይ ለይተውት ስለነበር በዚያ ቀን በሐለቃውም በገበያውም አይገኙም ነበር። ጁሙዓ ደግሞ ወዳጆቻቸውንና ደረሶቻቸውን ቤታቸው ሰብስበው፣ ልዩ ልዩ ምግብ አሠርተው ያበሏቸው ነበር። እንግዲህ በሺህ የሚቆጠሩ መስአላዎች መልስ የሚጠብቁባቸው ሰው ከሳምንቱ አንዱን ቀን ለቤታቸው ሰጥተው ነበር ማለት ነው።

ሱቁ እሳቸው በሌሉበት እንዴት ይሠራ ነበር? ሐፍስ ኢብን ዐብዱረሕማን የሚባሉ ሸሪክ ነበሯቸው። ኢማሙ ዕቃውን አዘጋጅተው ይልኩላቸዋል፣ ሐፍስ ይሸጣሉ። በዚህ ሽርክና ላይ የደረሰውን አንድ ነገር ብዙዎች ያውቁታል። ኢማሙ ከላኩት ጨርቅ መካከል እንከን ያለበት ስለነበረ፣ ሲሸጥ እንከኑ ለገዢው እንዲነገር አስጠንቅቀው ነበር። ሐፍስ ረስተው ሳይናገሩ ሸጡት፤ ገዢውም ማን እንደሆነ አልታወቀም። ኢማሙ ይህን ሲሰሙ የዚያን ዕቃ ሽያጭ ገንዘብ በሙሉ ሰደቃ አደረጉት። የሰው እጅ የሚያምን ነጋዴ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ኪሳራ ያገኘዋል። ኢማሙ ግን ኪሳራው እንዳይደርስ ብለው ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ አልተቀመጡም፤ ለሰዓታቸው የከፈሉትን ዋጋ ያውቁት ነበር።

ለአካላቸው የነበራቸው ጥንቃቄም የሚረሳ አይደለም። ሌሊቱን በሶላት በማሳለፍ የታወቁ ነበሩ፤ አርባ ዓመት ሌሊት አልተኙም የሚለውን ዘገባ ግን ያልተቀበሉት ዑለሞች አሉ። እንቅልፋቸው በበጋ በዙህርና በዐስር መካከል፣ በክረምት ደግሞ በመጀመሪያው የሌሊት ክፍል እንደነበር የዘገቡም ይገኛሉ። ልብሳቸው ንጹሕና ያማረ ነበር፤ ሽቶም ይወዱ ስለነበር ከመታየታቸው በፊት በመዓዛቸው ይታወቁ ነበር። አካል፣ ቤተሰብና እንግዳ ሁሉም በእኛ ላይ ሐቅ እንዳላቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል፤ ኢማሙም ይህን ትምህርት በየዕለት ውሏቸው ኖረውታል።

ከእናታቸው ጋር የነበራቸው ነገር ደግሞ ፈገግ ያሰኛል። እኚህ እናት አንድ መስአላ ገጥሟቸው ልጃቸው ቢመልሱላቸው አልተቀበሉም፤ ዙርዓ የሚባለው ተረዋዩ ካልመለሰልኝ አሉ። የኢራቅ ሰው ሁሉ ፈትዋ የሚጠይቃቸው ኢማም እናታቸውን ይዘው ዙርዓ ዘንድ ሄዱ። ዙርዓ አፍሮ፣ መልሱን ከእሳቸው ሰምቶ ለእናታቸው ሲነግራቸው ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ኢማሙ ሥራ አለብኝ፣ ደረሶች ይጠብቁኛል አላሉም።

የሱቁ ትርፍስ የት ገባ? ለልጆቻቸው ልብስ ሲገዙ ለዑለሞችም ይገዙ ነበር። ልጃቸው ሐማድ ፋቲሓን በቀራ ጊዜ ለአስቀሪው ብዙ ገንዘብ ሰጡ። በድህነት ምክንያት ትምህርቱን ሊያቋርጥ የነበረውን ደረሳቸውን አቡ ዩሱፍን ቤተሰቡን ጭምር ደጎሙት፤ ያ ደረሳ ኋላ በሃሩን አል ረሺድ ዘመን የቃዲዎች ሁሉ አለቃ ሆነ።

ከሁሉም በላይ ሱቁ ነጻነታቸውን ጠበቀላቸው። በኡመያዎች መጨረሻ ዘመን የኢራቅ ገዢ የነበረው ኢብን ሁበይራ ሹመት ሲያቀርብላቸው እምቢ ብለው ተገረፉ። ከጅራፉ ይልቅ ያሳመማቸው የእናታቸው ሐዘን እንደነበር ተዘግቧል። ኋላም የዐባሲያው ኸሊፋ መንሱር ቃዲ ሁኑ ቢላቸው አሻፈረኝ ብለው ታሰሩ፤ በ150 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 767) በባግዳድ ወደ አኺራ ሄዱ። እንጀራቸው ከሹም እጅ ቢሆን ኖሮ እምቢታው እጅግ በከበዳቸው ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ የሱቅ ኪራይና ግብር አንቆ የያዘው፣ ሸሪክም የሌለው ወንድማችን ይህ ለሀብታም ይሆናል ሊል ይችላል። እውነት አለው፤ የኢማሙ አቅም የሁላችንም አይደለም። ሆኖም ትልቁን ገንዘብ ያገኘ ነጋዴም ቅዳሜ ከቤቱ ሲውል አናይም። ሱቁ ሁለት ሲሆን ሦስተኛውን ያስባል፣ ሦስት ሲሆን አራተኛውን። ኢማሙን የለያቸው ይበቃኛል የሚሉበትን ቦታ ማወቃቸው ነው። ዙህር ሲደርስ ከገበያ ሲነሱ የከሰዓቱ ደንበኛ ለሌላ ነጋዴ እንደሚሄድ አጥተውት አይደለም፤ ሪዝቅ ከአላህ መሆኑን አምነው ነው።

ሙሉ ቀን ያልቻለ ግማሽ ቀን ለቤቱ ይለይ። ግማሽ ቀን ያልቻለ ልጆቹ ሳይተኙ ይግባ፤ ሕመም ሲሰማው ገበያው እስኪበርድ ሳይል ይታከም። የሚታመን ልጅ ያገኘም አስተምሮ፣ ተገቢውን ከፍሎ ሱቁን ያስይዘው። ሱቁን ለቤተሰቡ ብሎ የከፈተ ሰው ቤተሰቡን ለሱቁ ሲከፍል ከርሞ በመጨረሻ ምን አተረፍኩ ብሎ ቢያሰላ፣ ሒሳቡ አይገጥምለትም።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።